ፀሐይ እያለላቸው ለምን ይበላሉ?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ 11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የምግብ ሰንሰለት ሳስተምር ሁልጊዜ ፋይቶፕላንክተን አምራች፣ ዙፕላንክተን ተመጋቢ ብዬ ነው ሰሌዳ ላይ የምጽፈው። በቀደም አንድ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ በፀሐይ ምግብ የሚሠሩት የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት እነሱም ሌላውን ይበላሉ ይባላል፤ እውነት ነው?› ብሎ ያዘኝ። አጣርቼ እነግርሃለሁ ብዬ አለፍኩት። እውነት ከሆነ ፀሐይ እያለላቸው ለምን ይበላሉ? በየትኛው አፋቸው? ጣና ውስጥስ አሉ? ለልጆቹስ እንዴት ላስረዳ?»

ምላሽ፦

ሰላም መምህር፣

ተማሪዎ ልክ ነው። እንዲያውም አሳንሶ ነው የጠየቀው። ባሕር ውስጥ በብርሃን ከሚኖሩት ባለ አንድ ሴል አልጌዎች መካከል ዳያተሞችን፣ የብርጭቆ ቅርፊት የለበሱትን አልጌዎች፣ ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸው። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ ባክቴሪያ ይውጣሉ፤ ሌላ አልጌ ይውጣሉ፤ አንዳንዶቹ የሌላውን ሴል ወግተው ይመጥጣሉ። ሁለቱንም ኑሮ የሚኖሩት ሚክሶትሮፍ ይባላሉ። ጥቂት እንግዳ ፍጥረታት ብቻ የሚያደርጉት ነገር እንዳይመስልዎ። ባሕሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚኖረው።

ግራ የሚያጋባን የብስ ላይ መኖራችን ይመስለኛል። የብስ ላይ ሣሩ ሣር ነው፤ በሬው በሬ ነው። ዛፍ ሥር ሰድዶ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ሴሉም በጠንካራ ግድግዳ ታጥሯል። ቢፈልግ እንኳ ሌላ ሴል መዋጥ አይችልም። ውኃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሴል አልጌ ግን ብዙ ጊዜ በጅራፉ ይዋኛል። ብዙዎቹ ያ ግትር ግድግዳ የላቸውም፤ ገላቸው ይለጠጣል። ስለዚህ ከመዋጥ የሚያግዳቸው ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቹም ይወዱታል። ክሎሮፕላስት ራሱ የመጣው ከመብላት ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አንድ ተመጋቢ ሴል ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም በፀሐይ ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ፣ ዋጠ። የዋጠውን ሳይፈጨው ቀረ። ያ የተዋጠው ትውልድ ተቆጥሮ አረንጓዴው ክሎሮፕላስት ሆነ። አሜሪካዊቷ ባዮሎጂስት ሊን ማርጉሊስ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ ዳግም አንስታ ስትከራከርበት ብዙ ሰው አልተቀበላትም ነበር። ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍዎ ውስጥ አለ። እንግዲህ የአልጌዎች አያት በላተኛ ከነበረ፣ ሊገርመን የሚገባው ከልጅ ልጆቹ መካከል መብላት ያቆሙት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምን?

ብዙ ሰው «ይበላሉ» ሲባል የተራቡ ይመስለዋል። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይራባሉ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደላቸው ጉልበት አይደለም። የደንቢያን ገበሬ ያስቡ። ጤፉንና ሽምብራውን ከማሳው ያገኛል። ጎተራው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ጨው ግን ከማሳ አይበቅልም፤ ገበያ ወጥቶ ይሸምታል። አልጌውም እንደዚሁ ነው። ብርሃን አስተፃምሮ (ፎቶሲንተሲስ) የሚሰጠው ስኳር ነው፤ ማለትም ካርቦንና ጉልበት። ሴል ግን በስኳር ብቻ አይሠራም። ለፕሮቲን ናይትሮጅን ይፈልጋል። ለዲኤንኤ ፎስፈረስ ይፈልጋል። ብርሃኑን የሚይዘው መሣሪያ ራሱ ብረት ካላገኘ አይሠራም። እነዚህን ፀሐይ አትሰጥም።

ከዳር ራቅ ባለው ሞቃት ውቅያኖስ ላይ ደግሞ እነዚህ ንጥረ ነገሮች በጣም ውድ ናቸው። ፍጥረት ሲሞት ይዟቸው ወደ ታች ይሰምጣል። ላይኛው ውኃ ሞቆ ቀለል ስለሚል ከታች ካለው ቀዝቃዛ ውኃ ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም። እና ብርሃኑ ላይ ነው፤ ማዳበሪያው ታች ነው። ያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር ፎቶ ላይ ሲያምር የምናየው ባዶ ስለሆነ ነው።

በዚህ ባዶ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ከአልጌው ይበልጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። አካል ባነሰ ቁጥር ከሆዱ ይልቅ ቆዳው ይበዛል። ንጥረ ነገሩ የሚገባው በቆዳ ነው። ስለዚህ በውኃው ውስጥ የተበተነችውን ጥቂት ፎስፈረስ ባክቴሪያ ቀድሞ ይለቅማታል። ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) የሚሆነው አልጌ በዚህ ሽሚያ አያሸንፍም። ታዲያ ምን ያደርጋል? የለቀመውን ባክቴሪያ ይበላዋል። በአንድ ጉርሻ ሁለት ነገር ተሳካለት። የተለቀመውን ፎስፈረስ በአንድ ላይ አገኘ፤ ተቀናቃኙንም ቀነሰ። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልጠት ባሕር ውስጥ አላውቅም።

ብረትም እንዲሁ ነው። ኦክሮሞናስ የሚባለው ትንሽ ባለጅራፍ አልጌ ባክቴሪያ በልቶ ከውስጡ ብረት እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1998 በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ርሃቡን አልረሳሁትም። ብርሃን በሚያጥርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጠለቅ ባለ ውኃ ወይም ወራት በሚፈጅ የዋልታ ጨለማ፣ መብላት ለጉልበትም ይሆናል። ግን አንድ ሕግ ለሁሉም አይሠራም። አንዱ በልቶ ቢጠግብም ብርሃን ካጣ ይሞታል። ሌላው ጨለማ ውስጥ በምግብ ብቻ ዓመት ይከርማል። ኦክሮሞናስ ይበልጡን በላተኛ ነው፤ ብርሃን ለእሱ ድጎማ ነው። ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ያለው ሁሉ ባሕር ውስጥ ይገኛል።

«በየትኛው አፋቸው?» ላሉት ደግሞ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

ክሪሶክሮሙሊና የሚባል አልጌ አለ። ክብ ቢጤ፣ ወርቃማ ቡናማ፣ ሁለት ጅራፍ ያለው ነው። በሁለቱ ጅራፎች መካከል ሦስተኛ ቀጭን ክር አለው። ሃፕቶኔማ ይባላል። ለመዋኛ አይደለም። ክሪሶክሮሙሊና ሲዋኝ ይህን ክር ወደ ፊት ዘርግቶ ይሄዳል። ክሩ ላይ የነካ ባክቴሪያ ይለጠፋል። የተለጠፈው በክሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሥሩ አካባቢ ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ትንሽ ኳስ ይሆናል። ኳሱ ሲበቃው እንደገና በክሩ ላይ ወደ ጫፍ ይወጣል። ከዚያ ክሩ ይታጠፋል። ከፊት ተነሥቶ በገላው ዞሮ እስከ ኋላ ይደርሳል። እዚያ የሴሉ ገላ ሰርጎድ ብሎ ኳሱን ይቀበለዋል። አፉ ኋላው ላይ ነው ማለት ነው። ክሩ ተመልሶ ይዘረጋል። ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በጥንቃቄ መዝግበውታል። አንጎል የለም፤ ነርቭ የለም። አንድ ሴል ብቻ ነው።

ሌላው ፕሮሮሴንትረም የሚባል አልጌ ነው። ከአውስትራሊያ ሲድኒ የመጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱን ዝርያ ሲያጠኑ በዙሪያው ንፍጥ መሰል ኳስ ሲሠራ አዩት። ንፍጡ የሚሠራው በፀሐይ ከተገኘ ትርፍ ካርቦን ነው። ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይሳቡና ይጣበቃሉ። ባለቤቱ የፈለገውን መርጦ ይበላል። ከዚያ ወጥቶ ይሄዳል። የተተወው ንፍጥ ከነተጣበቁበት ወደ ታች ይሰምጣል። ልብ ይበሉ፣ እንደ ገበሬው ጨው የጎደለውን ንጥረ ነገር የሚያጠምደው በተረፈው ስኳር ነው።

መርዝ የሚጠቀሙም አሉ። ፕሪምኔዝየም ፓርቩም የሚባለው በመርዙ ሌላውን ሴል አፈንድቶ ይበላል። ይኸው መርዝ የዓሣን መተንፈሻ (ጊል) ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ፖላንድና ጀርመንን በሚያዋስነው ኦደር ወንዝ ላይ ዓሣ በቶን የሞተው በዚህ አልጌ ነው። አልጌው የባሕርና የጨዋማ ውኃ ነዋሪ ነው፤ የወንዙ ውኃ ጨዋማ ሆኖ ስለቆየው ተመቸው።

አሁን የምወደው ክፍል፤ ሌቦቹ።

ሜሶዲኒየም ሩብረም ሲወለድ የራሱ ክሎሮፕላስት የለውም። ሲሊየት ነው፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ቋንቋ ከፓራሚሲየም ዘመዶች ነው። ክሪፕቶፋይት የሚባሉ ቀያይ አልጌዎችን ይበላል። ሌላውን ሲፈጭ ክሎሮፕላስቱን ግን አይነካውም። ያስቀምጠዋል፤ ብርሃን እየሰበሰበ ስኳር እንዲሠራለት ያደርገዋል። ችግሩ ክሎሮፕላስት ብቻውን ብዙ አይቆይም። እሱን የሚጠግኑት ትእዛዞች ያሉት በአልጌው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሜሶዲኒየም ይህንንም አልተወም። ኒውክለሱንም አብሮ ይሰርቃል! የተሰረቀው ኒውክለስ በሌባው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታወቅ ኒውክለሱ እስከ 30 ቀን ድረስ እንደሚሠራ ታይቷል። ሲያረጅበት ሌላ አልጌ ያድናል።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። ዳይኖፊሲስ የሚባል ሌላ አለ። እሱም ክሎሮፕላስት አለው፤ እሱም የራሱ አይደለም። ከማን የተገኘ ነው ሲባል የክሪፕቶፋይት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ክሪፕቶፋይት ሲሰጡት አያድግም። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማርባት ያቃታቸው ለዚህ ነበር። ብርሃን ሰጡት፤ ማዳበሪያ ሰጡት፤ እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኮሪያ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሜሶዲኒየምን በክሪፕቶፋይት ቀለቡ፤ ከዚያ ሜሶዲኒየሙን ለዳይኖፊሲስ ሰጡት። አደገ። ዳይኖፊሲስ ከገላው ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ሜሶዲኒየምን ይወጋዋል፤ ውስጡን ይመጥጣል፤ የተሰረቀውን ክሎሮፕላስት ደግሞ ለራሱ ይሰርቃል። ሌባን የሰረቀ ሌባ ማለት ይሄ ነው።

ይህ የማይክሮስኮፕ ወሬ ብቻ አይደለም። ዳይኖፊሲስ ኦካዳይክ አሲድ የሚባል መርዝ ይሠራል። ውኃ አጣርተው የሚበሉ የባሕር ዛጎሎች ያጠራቅሙታል። ሰው ዛጎሉን ሲበላ ሆዱን ያጣድፈዋል። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገሮች ዛጎል የሚያረቡ ሰዎች ይህን ፍጥረት ይቆጥራሉ፤ ሲበዛ ገበያው ይዘጋል። በብርሃንና በማዳበሪያ ብቻ መቼ እንደሚበዛ ልተንብይ ያለ ሰው ግማሹን ታሪክ አላየውም። ሜሶዲኒየም ቀድሞ መምጣት አለበት።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ ከፈለጉ ደግሞ የዓረብ ባሕር አለ። ኖክቲሉካ የሚባል ትልቅ ሴል አለ፤ በዓይን እንደ ነጥብ የሚታይ ነው። በሆዱ ውስጥ አረንጓዴ አልጌዎችን በብዙ መቶዎችና ሺዎች ያኖራል። እነሱ ስኳር ይሠሩለታል። እሱ ግን አልጠገበም፤ ዳያተሞችንም ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓረብ ባሕር በቀዝቃዛው ወራት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ሆኗል፤ ድሮ ቦታው የዳያተሞች ነበር።

ስለ ባክቴሪያዎቹ በአጭሩ። ፕሮክሎሮኮከስ በምድር ላይ በቁጥር ከሁሉም የሚበዛው ፎቶሲንተሲስ ሠሪ ነው። ከአንድ ማይክሮሜትር ያንሳል። እሱ ግድግዳ ስላለው መዋጥ አይችልም። ሆኖም በውኃው ውስጥ የሟሟ ግሉኮስና አሚኖ አሲድ ሲያገኝ ይመጠዋል። ዩግሊናም ባክቴሪያ ባይሆንም በዚህ ይመስለዋል። በየመማሪያ መጽሐፉ «እንደ ዕፅም እንደ እንስሳም» ሆኖ የሚቀርበው የተለመደው ዩግሊና ባክቴሪያ አይውጥም፤ የሟሟ ምግብ ነው የሚመጠው። ጨለማ ውስጥ ሲከርም አረንጓዴነቱ ይጠፋና በዚያው ይኖራል። ስለዚህ ለልጆቹ ዩግሊናን ብቻ ምሳሌ ካደረጉ ዋናው ነገር፣ መዋጡ፣ ያመልጣቸዋል።

ይህ ሁሉ ታዲያ እንዴት ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ቀረ? ሙሉ በሙሉ ሳይታይ አልቀረም። አልጌ ሲበላ ያዩ የማይክሮስኮፕ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊትም ነበሩ። ግን እንደ ተአምር እየተጻፈ ይታለፍ ነበር። ጥፋቱ በከፊል የአሠራራችን ነው። የውኃ ናሙና ሲወሰድ እንዳይበላሽ ሉጎል አዮዲን ወይም ፎርማሊን ይጨመርበታል። አዮዲኑ ሴሉን ቡናማ ስለሚያደርገው የክሎሮፊሉን ፍካት ይጋርደዋል። ያኔ አረንጓዴ የነበረው ጅራፋም ሴል «ዙፕላንክተን» ተብሎ ይቆጠራል። ፎርማሊን ደግሞ ሴሉን ሲነካው የበላውን ያስተፋዋል። ማስረጃውን አስተፍተን ስናበቃ አይበላም እንላለን።

በኋላ የተሻለ ዘዴ መጣ። የሞቱ ባክቴሪያዎችን በሚፈካ ቀለም ነክሮ ለአልጌ መስጠት ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ናሙናው ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ክሎሮፊል ያኔ ደም መስሎ ቀይ ይፈካል። የተዋጠው ባክቴሪያ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ሴል ውስጥ ጎን ለጎን ከታዩ ክርክር የለም። ብቻ ሌንሱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የተለጠፈ ባክቴሪያ ውስጥ ያለ ይመስላል።

በርድና ካልፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለው ሜምፍሬማጎግ ሐይቅ ዳይኖብርዮን የሚባለውን አልጌ አጠኑ። ወርቃማ ነው፤ ሴሎቹ በዋንጫ መሰል ሽፋኖች ውስጥ ተቀምጠው ቅርንጫፍ ይሠራሉ። እነዚህ አልጌዎች ከውኃው ውስጥ የሚያነሡት ባክቴሪያ የእንስሳት ፕላንክተኑ ሁሉ ተደምሮ ከሚያነሣው ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዙብኮቭና ታራን በሰሜን አትላንቲክ ለኩት። በአካባቢው ሞቃት ወራት፣ ብርሃን በሚደርስበት ውኃ ውስጥ፣ ከሚበላው ባክቴሪያ ከ40 እስከ 95 በመቶ የሚሆነውን የሚበሉት ትንንሾቹ አልጌዎች ሆነው ተገኙ። አልጌዎቹም ከገላቸው ሩቡን ያህል የሚያገኙት ከዚሁ ባክቴሪያ ነው። ከሁሉም ቁጥር ተማሪዎችዎ ይህን ቢይዙ ይበቃቸዋል።

ሁለቱንም መቻል እንዲህ ከጠቀመ ለምን ሁሉም አላደረገውም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ዋጋ አለው። ብርሃን መሰብሰቢያውንም መፍጫውንም መሥራትና መጠገን ፕሮቲን ይፈጃል። ማዳበሪያው በተትረፈረፈበት ውኃ አንዱን ብቻ የያዘው ቀድሞ ይባዛል። ዳያተሞች ይህን መርጠዋል። የብርጭቆ ቅርፊት ለብሰዋል፤ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ መዋጥ የለም። ፀደይ ላይ የቀዝቃዛ ባሕር ውኃ ከታች ማዳበሪያ ይዞ ሲነሣ ጌቶቹ እነሱ ናቸው። ሞቃቱ ወቅት መጥቶ ማዳበሪያው ሲያልቅ ተራው የሚክሶትሮፎቹ ይሆናል።

ነገሩ ለአየር ንብረት ስሌትም ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተፃምሮ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው ባሕር ውስጥ ነው። ከተያዘው ካርቦን የተወሰነው ሰምጦ ከአየር ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዋርድና ፎሎውስ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተው አምራችና በላተኛ ተለያይተው የሚኖሩበትን ባሕር ሁለቱንም በሚያደርጉ ከተሞላ ባሕር ጋር አወዳደሩ። በሁለተኛው የሚሰምጠው ካርቦን በ35 በመቶ ገደማ በለጠ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተራ በላተኛ የበላውን ካርቦን ግማሹን እያቃጠለ ይኖራል። ሚክሶትሮፍ ግን ከምግቡ ማዳበሪያውን ይወስዳል፤ ጉልበቱን ከፀሐይ ያገኛል። ስለዚህ ካርቦኑ ይቆጠባል፤ ሴሉም ይተልቃል። ትልቅ ደግሞ ቶሎ ይሰምጣል።

በሌላ በኩል ሙቀት ሲጨምር ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ኦክሮሞናስ በቤተ ሙከራ ሲሞቅ ይበልጥ ወደ መብላት ያደላል። ያኔ ካርቦን ከሚይዝ ይልቅ የሚተነፍስ ይሆናል።

ለተማሪ ደግሞ ከዳይኖሰር ታሪክ የሚበልጥ ማጣፈጫ የለም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ታላቁ አስትሮይድ ሲወድቅ ሰማዩ በአቧራና በጥላሸት ጨለመ። የኖራ ቅርፊት ያላቸው ኮኮሊቶፎር የሚባሉ አልጌዎች በብዛት ጠፉ። ግን ጥቂቶች ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የተረፉትን ቅሪተ አካል ቅርፊት መርምሮ አንድ ነገር አገኘ፤ ቅርፊቱ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ጅራፍ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ጅራፍ ያለው ይዋኛል፤ የሚዋኝ ምግብ ያድናል። ፀሐይ በጠፋችበት ዘመን ባክቴሪያ እየበሉ አልፈዋል ማለት ነው።

ጣናን ጠይቀዋል። ጣና ጥልቀት የለውም፤ ከ14 ሜትር አይበልጥም። መገጭና ድርማ ከጎንደር ወገን፣ ርብና ጉማራ ከፎገራ ወገን ክረምት ላይ አፈር ይዘው ይገባሉ። ውኃው ይደፈርሳል። ነፋሱም ከታች ያለውን ደለል ያነሣዋል። ስለዚህ ጣና ከሰማያዊው ውቅያኖስ ተቃራኒ ነው። እዚያ ብርሃን ሞልቶ ማዳበሪያ ጠፋ፤ እዚህ ብርሃኑ ነው የሚያጥረው። በጣና ጥናቶች ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ሜሎሲራ የሚባሉት ዳያተሞችና ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ ናቸው። ሁለቱም አይውጡም፤ ዳያተሙ በብርጭቆው፣ ማይክሮሲስቲስም በባክቴሪያ ግድግዳው ታስሯል። ሚክሶትሮፍ ግን የባሕር ብቻ ንብረት አይደለም። ዳይኖብርዮን፣ ኦክሮሞናስና አረንጓዴው ፓራሚሲየም በሐይቅና በኩሬም ይኖራሉ፤ ስለዚህ ጣና ውስጥም ሊኖሩ ይችላሉ።

ሰሌዳውን በተመለከተ የኔ ምክር፣ የምግብ ሰንሰለቱን አያጥፉት። ፈተናው አሁንም «አምራች» የሚለውን መልስ ነው የሚጠብቀው፤ ልጆቹን ነጥብ አናስጥላቸው። ከፋይቶፕላንክተን ወደ ዙፕላንክተን የሚሄደውን ቀስት እንዳለ ይተዉት። ከዚያ ባክቴሪያ የሚል ሳጥን ይጨምሩና ከእሱ ወደ ፋይቶፕላንክተን የሚሄድ ሌላ ቀስት ይሳሉ። ካስፈለገም ፋይቶፕላንክተን ከራሱ ተነሥቶ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀስት ይኑረው፤ አንዱ አልጌ ሌላውን ይበላልና። ተማሪዎቹ ሥዕሉ ተበላሸ ይላሉ። ይበሉ።

በዓይናቸው እንዲያዩ ከፈለጉ የሚፈካ ቀለምና ውድ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ፓራሚሲየም በርሳሪያ የሚባለውን ይፈልጉ። ሆዱ ውስጥ ክሎሬላ የሚባሉ አልጌዎችን በመቶዎች ስለሚያኖር አረንጓዴ ነው። ከፀጥተኛ ኩሬ፣ ሣርና የወደቀ ቅጠል ካለበት ዳር፣ ውኃውን ከነቅጠሉ በብርጭቆ ይቅዱና መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። በ100 እጥፍ ማጉያ ሲዋኝ ይታያል። ካገኙት በኋላ ትንሽ እርሾ ከኮንጎ ሬድ ቀለም ጋር አፍልተው ያቀዝቅዙ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ነክተው ጠብታው ላይ ይጨምሩ። አረንጓዴው ሴል ውስጥ ቀያይ ክብ ከረጢቶች ይታያሉ፤ የዋጠው እርሾ ነው። ትንሽ ከቆዩ ከረጢቶቹ ውስጥ አሲድ እየጨመረ ሲሄድ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይቀየራል። ጠያቂው ተማሪዎ መጀመሪያ ይይ። ኮንጎ ሬድ ለጤና ጥሩ ስላልሆነ ማፍላቱን እርስዎ ራስዎ በጓንት ይሥሩት፤ ልጆቹ በእጃቸው አይንኩት። ውኃው ላይ አዮዲን ወይም ፎርማሊን እንዳይጨመርም ለላብራቶሪው ሰው አስቀድመው ይንገሩት።